ደመወዝ ከመምጣቱ በፊት

የገንዘብ አያያዝ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንዴት ነው?

ገንዘብ ማግኘት አንድ ጥበብ ነው፤ ያገኙትን ገንዘብ በአግባቡ መያዝ ግን ሌላ ጥበብ ነው። የመጀመሪያውን ጥበብ ለማስተማር አገራችን ብዙ ደክማለች፤ ትምህርት ቤት ሠርታለች፣ መምህራን አሠልጥናለች፣ መጻሕፍት አሳትማለች። ሁለተኛውን ጥበብ ግን ወጣቱ ከማን ይማረው? ከአባቱ ነውን? ከጓደኛው ነውን? ወይስ ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ከጸጸት? ይህ ጥያቄ ዛሬ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ በምትገኘው በለሚም ሊጠየቅ የሚገባው ሆኗል።

ደመወዝ ወደ ለሚ መጣ

ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሙከጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ ሰው ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ያልፍባታል። የአገሩ ሰው ገበሬ ነው፤ በደጋው ጤፍና ስንዴ፣ በቆላው ማሽላ ያመርታል። ገንዘብ የሚታየውም መኸር ሲገባ ነው። የአባቶች ቁጠባ በጎተራ ባለው እህል፣ በበረት ባሉት ከብቶች፣ በጓሮ በተተከለው ባሕር ዛፍ ይቆጠር ነበር። «ወለድ» የሚለው ቃል ራሱ ከመውለድ የመጣ አይደለምን? ላሚቱ ጥጃ ስትወልድ፣ በጊቱም መንታ ስትጥል፣ ባለቤቱ የቁጠባውን ወለድ በዐይኑ ያየዋል። ይህን ሒሳብ የገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል።

አሁን ግን ሌላ ጠባይ ያለው ገንዘብ መጥቷል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው የኢስት አፍሪካን ሆልዲንግና የቻይናው የዌስት ቻይና ሲሚንቶ የጋራ ሀብት ሲሆን 600 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጥቶበታል፤ በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት ዐቅም እንዳለውም ተነግሯል። ፋብሪካ በመጣበት ስፍራ ሁሉ ደመወዝ ይመጣል፤ ከደመወዙም ጋር የቤት ኪራይ፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅና ዱቤ ይመጣሉ። መሬት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ሲለቀቅም ለባለ ይዞታው ካሣ ይከፈላል።

ደመወዝ በየወሩ ይመጣል፤ በየወሩም ያልቃል። ካሣ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ የተተካውም በየዓመቱ ሲያበላ በኖረ መሬት ነው። ሁለቱንም ለመያዝ የጎተራው ዕውቀት ብቻውን አይበቃም። በብዙ የገጠር ቤት ደግሞ ውሉን የሚያነበው፣ ከባንክ የመጣውን ወረቀት የሚተረጉመው፣ በስልክ የገባውን መልእክት የሚያየው የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጅ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ በክፍል ውስጥ ስለ ገንዘብ የሚማረው ምን እንደሆነ መጠየቅ የቤተሰቡን ዕጣ መጠየቅ ነው።

ትምህርት ቤቱ ምን ሲያስተምር ኖረ?

በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ በፊት በሸዋ ገበያ፣ በአንኮበር አጠገብ ባለችው በአልዩ አምባ ጭምር፣ የሚሠራበት ገንዘብ የማሪያ ትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ባንክ ሲቋቋም ሒሳብ የሚይዝ ጸሐፊ አስፈለገ፤ ንግዱና መሥሪያ ቤቱም ሲስፋፋ በ1935 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። የመዝገብ አያያዝ፣ የጽሕፈት መኪናና የቢሮ ሥራ የሚሰጥበት ይህ ትምህርት ቤት ለባንኮቹና ለመሥሪያ ቤቶቹ ብዙ ሠራተኞች አፍርቷል። በኋላም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የንግድ ሥራና የቤት አያያዝ ትምህርት ከቀለም ትምህርቱ ጎን ይሰጥ ጀመር።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ ይህ ትምህርት ተማሪውን ያስተማረው የሰው ገንዘብ መመዝገብን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ገቢና ወጪ ሳያሳስት የሚያስታርቅ ጸሐፊ የገዛ ደመወዙ ወር ሳይደርስ ሲያልቅበት ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። የራስን ኪስ መዝገብ መያዝ ትምህርት ሆኖ አልቀረበለትማ!

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ኢኮኖሚክስና ጄኔራል ቢዝነስ ተመደቡላቸው። በዚሁ ሥርዓት በተዘጋጀው የ11ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥም ስለ ወለድ፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድርና ስለ ግብር የሚናገር ምዕራፍ ነበረ። መልካም ምዕራፍ ነበረ፤ ሆኖም ሁለት እንከን ነበረበት። አንደኛ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እንጂ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ አይደርሰውም፤ የወደፊቱ ሐኪምና መሐንዲስ ደመወዝ የማይቀበል ይመስል! ሁለተኛ፣ የተቀመጠው በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነው፤ የመጽሐፍ መጨረሻ ደግሞ ዓመቱ ሲያጥር አስቀድሞ የሚዘለለው ክፍል መሆኑን ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

በቅርቡ በተለወጠው ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ወደ 9ኛ ክፍል ወርዷል። ይህ የሚያስመሰግን እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ኢኮኖሚክስ በጠባዩ የሚያጠናው የአገርንና የገበያን ነገር ነው። ተማሪው የፍላጎትንና የአቅርቦትን መሥመር በሰሌዳ ላይ ይሥላል፤ የአባቱን የብድር ውል ግን አያነብም።

በዚህ ላይ ሌላ መሰናክል አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው «ኢንተረስት» የሚለውን ቃል ለፈተና ይሸመድደዋል፤ በለሚ ገበያ የሚነገሩት ቃላት ግን ወለድ፣ አራጣ፣ ዋስ፣ መያዣ፣ ቀብድ ናቸው። በክፍል የተማረው ቃልና በገበያ የሚሰማው ቃል ሳይተዋወቁ ይቀራሉ።

ከመቶው ዘጠና አምስቱ

«እነዚህን ነገሮች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይማሩታል» የሚል ሰው አይጠፋም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ግን ለዚህ አባባል መልስ ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በማካካሻ ትምህርት ተጨማሪ ዕድል ያገኙ እንዳሉ ባይካድም አብዛኞቹ ወጣቶች ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ኑሮ የሚገቡ ናቸው። ለእነርሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻው በር ነው። ከዚያ በር ሲወጡ የሚጠብቃቸውም የሥራ ውል፣ ደመወዝ፣ ስልክና አበዳሪ ነው።

ስልኩ ቀላል ነገር አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በዚያው ስልክ ማበደርና ቁጠባ መቀበል ጀመረ። የዓለም ባንክ ጥናት እንደሚያሳየው በ2006 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ ጎልማሶች 22ቱ ብቻ በባንክ ወይም በመሰል ድርጅት ሒሳብ ነበራቸው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ 46 ደርሰዋል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ወደ መሆን ተሸጋግሯል። እንግዲህ ባንኩ ወደ ሰው እየቀረበ ነው። በ2007 ዓ.ም. ገደማ በብዙ አገሮች በተደረገ ጥናት ግን ስለ ወለድ፣ ስለ ወለድ ወለድ፣ ስለ ዋጋ ንረትና ገንዘብን ከፋፍሎ ስለ ማስቀመጥ ተጠይቀው በሚገባ የመለሱት ከዓለም ጎልማሶች ከ3 አንዱ ያህል ብቻ ናቸው፤ የእኛም አገር ውጤት ከዚሁ የራቀ አልነበረም። ባንኩ ቀረበ፤ ዕውቀቱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

በአራት ወረቀት የሚያልቅ ትምህርት

ታዲያ ይህ ትምህርት እጅግ ጥልቅ ነውን? አይደለም። በአራት ወረቀት ሊሰጥ ይችላል።

የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት ነው። አንድ ወጣት በወር በ8,000 ብር ተቀጠረ እንበል። ወሩ ሲደርስ የተቀበለው 6,290 ብር ነው። «ተበደልሁ!» ብሎ ይጮኽ ይሆን? እስቲ እናስላው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ቀጥሎ ያለው 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር ይከፈልበታል፤ የሚቀጥለው 3,000 ብር 20 በመቶ፣ ማለትም 600 ብር፤ የመጨረሻው 1,000 ብር 25 በመቶ፣ ማለትም 250 ብር። ግብሩ በጠቅላላ 1,150 ብር ሆነ። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 560 ብር ይቀነሳል። ቀሪው 6,290 ብር ነው፤ ስለዚህ አልተበደለም። ነገር ግን ማወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ አሠሪውም ከራሱ 11 በመቶ፣ ማለትም 880 ብር ጨምሮ በወሩ 1,440 ብር በሠራተኛው ስም ለጡረታ የማስገባት ግዴታ አለበት። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ገንዘቡ ተቀንሶበት ሳይገባለት ቢቀር በምን ያውቃል? አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይህን ሁሉ ያስተምራል፤ የመቶኛ ስሌትንም ጨምሮ።

ሁለተኛው የባንክ ደብተር ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ያገኛል ማለት ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ በ15 በመቶ ቢጨምር አምና 1,000 ብር ያወጣ የነበረው በግ ዘንድሮ 1,150 ብር ይሆናል። ገንዘቡ በቁጥር አደገ፤ በጉን ለመግዛት ግን 80 ብር ጎደለው። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ ስናስታውስ ገበሬው «በበረት ያለች በግ ትሻለኛለች» ማለቱ አላዋቂነት እንዳልሆነ ይገባናል። በሌላ በኩል በግ ትሞታለች፣ ትሰረቃለች፣ ድርቅ ይመታታል፤ የባንክ ተቀማጭ ግን በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና አለው። ብልህ ገበሬ ማሳውን ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር አይዘራበትም፤ ጤፉ ቢያጣ ማሽላው ይደርስለታል። ገንዘብም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው የብድር ውል ነው። 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበድሮ 1,060 ብር የሚመልስ ሰው «60 ብር ምን ትሆናለች?» ይላል። በየወሩ እየከፈለ እንደ ገና ቢበደር ግን በዓመቱ 720 ብር ከፍሏል፤ የመጀመሪያው 1,000 ብርም አሁንም ዕዳ ነው። በመቶ 10 በወር የሚያበድር አራጣ አበዳሪ ዘንድ የሄደማ በዓመት ከዋናው የሚበልጥ 1,200 ብር ወለድ ይጠብቀዋል። አራጣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ዳሩ ግን ሕጉን የማያውቅ ተበዳሪ አበዳሪውን እንደ ባለውለታ እጅ እየነሣ ይኖራል። ተማሪው ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ «በዓመት ስንት ይሆናል?»

አራተኛው የተስፋ ወረቀት ነው፤ ዛሬ የሚመጣው በስልክ ነው። «ይህን ያህል አስገባ፤ 5 ሰው አምጣ፤ ገንዘብህ እጥፍ ይሆናል» ይላል። ተማሪው እርሳስ ያንሣና ይቁጠር። አንዱ 5 ያመጣል፤ አምስቱ 25፤ ከዚያም 125፣ 625፣ 3,125፣ 15,625 እያለ በስምንተኛው ደረጃ 78,125 አዳዲስ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የለሚ ከተማ ይህን ያህል ሰው የላትም! የኋለኛው ገንዘብ ለፊተኛው ሲከፈል ቆይቶ አዲስ ሰው ሲጠፋ ሁሉም ይፈርሳል። እንዲህ ያለው የፒራሚድ ሽያጭ በ2006 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የተከለከለ ነው፤ ከአዋጁ አስቀድሞ ግን የሒሳብ መምህሩ ሊከለክለው ይችላል።

ደመወዝ የማይከፈለው መምህር

ይህን ሁሉ ለማስተማር ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻም። በየሰፈሩ እቁብ አለ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ባለ ዕጣው 10,000 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ቆጠበ። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱ፣ የዘገየ የሚከፍለው መቀጫ፣ ሁሉም የባንክ ሥራ በትንሹ ነው። ይህን ለተማሪው በሰሌዳ ላይ ቢያሳዩት ብድር፣ ቁጠባ፣ ዋስትናና ጊዜ ለገንዘብ ያለው ዋጋ ምን እንደሆነ በአንድ ሰዓት ይገባዋል። እድርም እንዲሁ ነው፤ ኢንሹራንስን ለማስረዳት ከእድር የቀረበ ምሳሌ ከየት ይገኛል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያለው የአገራችን ሰው የመድንን መሠረት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶታል።

በውጭ አገር ምን ተደረገ?

እንግሊዝ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የገንዘብ አያያዝን በዜግነት ትምህርት ውስጥ አስገባች። ጃፓን በ2014 ዓ.ም. ሀብት ስለ ማፍራት የሚናገር ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ የቤት አያያዝ ትምህርት ላይ ጨመረች። በአሜሪካም ከግማሽ የሚበልጡ ግዛቶች ተማሪው ይህን ሳይማር ከሁለተኛ ደረጃ እንዳይመረቅ ወስነዋል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የብራዚል ነገር ነው። በዚያ አገር በ892 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ 25,000 ያህል ተማሪዎች ባሉበት፣ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። አዲስ የትምህርት ዓይነት አልከፈቱም፤ ገንዘብን የሚመለከቱ ምሳሌዎችን በሒሳብ፣ በቋንቋና በሌሎችም ትምህርቶች ውስጥ አስገቡ እንጂ። የተማሪዎቹ ዕውቀት ጨመረ፤ የሚቆጥቡና ወጪያቸውን የሚጽፉ በዙ። ከሁሉ የሚደንቀው የወላጆቻቸውም ዕውቀት መሻሻሉ ነው፤ ልጅ ያመጣው የቤት ሥራ ወላጅን አስተማረ። ነገር ግን ሙከራው ሌላም ነገር አሳየ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ስለ ብድር ስላወቁ ዕቃ በብድር መግዛት አበዙ። ስለዚህ ባንክን ማስተዋወቅ ብቻ ትምህርት አይባልም፤ «አልፈልግም» ማለትንም ማስተማር ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

በአገራችን ብሔራዊ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ ባንክና ወደ መሰል አገልግሎት ለማቅረብ ብሔራዊ ስልት አውጥቷል። የስልቱ ፍሬ ግን የሚታየው በባንክ ቤት መስኮት ብቻ ሳይሆን በክፍል ውስጥ ነው። አዲስ የትምህርት ዓይነት ይከፈት ብንል መምህርና መጽሐፍ ከየት ይመጣል? በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ የሚደረገው ጥረት ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ቀላሉን መንገድ መያዝ ይሻላል። የሒሳብ መምህሩ የመቶኛን ስሌት በደመወዝ ወረቀት ያስተምር፤ የአማርኛ መምህሩ የብድር ውል አስነብቦ ቃላቱን ያስተርጉም፤ የዜግነት መምህሩ ስለ ግብርና ስለ ጡረታ መብት ያስረዳ። የመጨረሻው ምዕራፍ ወደ መጀመሪያ ይምጣ። ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም ይድረሰው።

«ደኻ ምን ይቆጥባል?» የሚለው ጥያቄ እውነት አለበት። ትምህርት ደመወዝን አያሳድግም፤ የዕቃ ዋጋንም አያወርድም። ቢሆንም ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ተሳስቶ ሊተርፍ ይችላል፤ ጥቂት ያለው ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ጎጆው ይፈርሳል። ስለዚህ ትምህርቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው።

እስከዚያው ግን ተማሪም ሆናችሁ አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ የትምህርት ሚኒስቴርን መጽሐፍ ሳትጠብቁ መጀመር ትችላላችሁ። ባለ ጥቂት ገጽ ደብተር ግዙ፤ ለአንድ ወር ያህል የገባውንና የወጣውን፣ የሻዩን ዋጋ ሳይቀር፣ ጻፉ። የደመወዛችሁን ወረቀት አስልታችሁ አስታርቁ። ከመበደራችሁ በፊት «በዓመት ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተማራችሁትንም ለእናትና ለአባታችሁ በአማርኛ አስረዱ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ሲከፈለው ያላሰላም ሲያልቅበት እንዲሁ ነው። በለሚ ዛሬ 9ኛ ክፍል ያለው ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሊቀበል ይችላል። ለማስተማር የቀረን ጊዜ ይኸው አራት ዓመት ነው።